ከሰሉን ከቤት አውጪው
ደሴ፣ ኅዳር 18

ይድረስ ለልጄ ለሐያት፦

አሰላሙ አለይኩም የኔ አበባ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። ይህን የምጽፍልሽ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ትናንት ካንቺ ዘንድ ገብስ ጭኖ የወረደው የአይሱዙ ረዳት በራችን ላይ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ፣ «መምህርቷ ብርዱን ለምዳዋለች፤ ማታ ማታ ማንደጃዋን አስገብታ፣ በሯን ጥርቅም አድርጋ ነው የምትተኛው» አለኝ። እሱ ጉብዝናሽን ሊነግረኝ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ስሚኝ ልጄ፤ ከሰል አስገብተሽ አትተኚ። «ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው» ትዪኝ ይሆናል። አታላዩ እሱ ነው። ፍሙ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል፣ አያስል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረው፣ ሲያቅለሸልሸው ተነሥቶ ይወጣል። የተኛ ሰው ይህ ሁሉ አይሰማውም፤ እንቅልፉ እየከበደው በዚያው ይቀራል። ውሃ በሳህን አጠገቡ ማስቀመጥ አያድንም። ዕጣን ማጨስ አያድንም። ፍሙን አመድ ማልበስም አያድንም፤ ከሥር ሲነድ ያድራል። ከታችኛው ግቢ ጎረቤቶቻችን ቤት የሆነውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ አልደግመውም።

«የሀገሩ ሰው እሳት አንድዶ ያድር የለም ወይ?» እንዳትዪኝ። የእነሱ ቤት የጓሳ ሣር ክዳን ነው፤ ጭሱ በክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። እሱም ቢሆን እናቶቹን በሳልና በዓይን ሕመም ጨርሷቸዋል። ያንቺ ቤት ግን ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ የማዳበሪያ ኮርኒስ ተወጥሮበታል፤ ግድግዳውም አዲስ የተመረገ። ትንፋሽ መውጫ የለውም። ጠዋት ራስሽን እያመመሽ ከተነሣሽ ብርድ መታኝ አትበዪ፤ በሩን በርግደሽ ደጅ ውጪ።

ጥፋቱ የኔ ነው። መስከረም ላይ ያን ግማሽ ኩንታል ከሰል ያስጫንኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ጤና ጣቢያ የጨረስኩት ሴት፣ ስንቱን እናት «ከሰል ይዛችሁ አትተኙ» ስል የኖርኩት፣ ለገዛ ልጄ ሲሆን ብርዱ ብቻ ታየኝ። ከረጢቱን ሲሰፉት ቆሜ አየሁ፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩሽም። ይህ ከትናንት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ከሰሉን ለቡናሽና ለወጥሽ ደጅ ላይ፣ ወይም በሩ ተከፍቶ ተጠቀሚበት፤ ከመተኛትሽ በፊት ማንደጃውን አውጥተሽ ፍሙ ላይ ውሃ አፍስሺበት።

አሁን እንዴት እንደምትሞቂ ልንገርሽ። እንዳንቺው ከጉጉፍቱ በላይ ያለ ደጋ ሀገር ከደሴ 600 ሜትር ከፍ ቢል እንኳ 4 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፤ ሰማዩ ጠርቶ ኮከቡ የበዛ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ነው። ብርዱ የሚገባሽ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ደረቅ የገብስ ጭድ ሙዪና ከፍራሹ ሥር አንጥፊው፤ ፍራሹ ላይ አጎዛውን፣ ከዚያ አንሶላውን። የበግ ፀጉር ባና ልኬልሻለሁ፤ እሱ ከብርድ ልብሱ በላይ ይሁን፣ ገላሽን ይኮሰኩስሻል። ጭዱን በየወሩ ቀይሪው፣ አለዚያ ቁንጫ ይፈላበታል። የጎማውን የሙቅ ውሃ መያዣ ከሦስት ሁለት እጅ ብቻ ሙዪው፤ አየሩን ጨምቀሽ አስወጪና ክደኚው፤ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አድርጊው። ሃይላንድ ላይ የፈላ ውሃ እንዳትጨምሪ፤ ተኮማትሮ አልጋሽን ያርሰዋል። ስትተኚ አንድ ኩባያ አጥሚት ጠጪ። የግድግዳው ምርጊት ሲደርቅ ከተሰነጠቀ አስመርጊው፤ ከጣሪያው ሥር ግን የእጅ ስፋት ክፍተት ይኑር።

የምንጩን ውሃ ሳታፈይ አትጠጪ። ከብቱም ሰውም አንድ ምንጭ ነው የሚጠጣው። ከፍታው ላይ ውሃ ገና 90 ዲግሪ ላይ ሳለ ስለሚፈላ፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቂ። ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ አጥልዪው። ባቄላና ክክ አልበስል እያለ ማገዶ የሚፈጀውም ለዚሁ ነው፤ ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ። ማገዶው ኩበት ነው፤ ኩበቱ ደግሞ የመሬቱ ፍግ ነበር። እያንዳንዷ ድስት ከማሳቸው እንደተወሰደች አስቢና አታባክኚ።

የልብስ ቅማል ካየሽ በጥፍርሽ አትደፍጥጪው። ይህን ብዙ የተማረ ሰው እንኳ አያውቀውም። ግርሻ፣ እየተመላለሰ የሚነሣው ትኩሳት፣ የሚተላለፈው ሲነክስ ሳይሆን ሲፈርጥ ነው፤ ከውስጡ የወጣው ፈሳሽ በተቧጠጠ ቆዳ ይገባል። የሚደበቀው ስፌት ውስጥ ስለሆነ ልብሱን ቀቅዪው፤ ፀሐይ ማስመታት አይበቃም። በ77ቱ ድርቅ በየመጠለያው ሰውን የፈጀው ረሃቡ ብቻ አልነበረም፤ ተስቦና ግርሻም አብረው ነበሩ። ተማሪ ትኩሳት ይዞት፣ ለቅቆት፣ በሳምንቱ ከተመለሰበት ጤና ጣቢያ ላኪው፤ ከሱቅ ክኒን አይግዙለት። የግርሻ መድኃኒት በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ሕመምተኛው ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ባለሙያ አጠገቡ መሆን አለበት።

ገብስ ስትገዢ ሳትለቅሚ አታስፈጪ። ከገብሱ ጋር በሚበቅለው ሲናር፣ አጃ በሚመስለው እህል፣ መሐል የአይጥ ኩስ የመሰለ፣ ረዘም ያለ ጥቁር ፍሬ ካየሽ አውጥተሽ ጣዪው፤ ኤርጎት የሚባል መርዘኛ ሻጋታ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በዋድላ ደላንታ የሆነውን አያትሽ ስታወራ ሰምተሻል። ዝናብ ጠፍቶ ገብሱ ሲሳሳ ሲናሩ ማሳውን ወረሰው፤ ሰው ምን ያድርግ፣ አብሮ ፈጭቶ በላ። መጀመሪያ እግራቸውን እንደ ጉንዳን ወረራቸው፤ ቀጥሎ ጣታቸው ጠቁሮ ደረቀ፤ የሕፃናቱም ጭምር እየተቆረጠ ወደቀ። ደም ሥሩን አጥብቦ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እነዚያ ሰዎች ሰነፍ ወይም መሃይም ስለሆኑ አልነበረም ልጄ፤ የሚመርጡት እህል ስላልነበራቸው ነው። በልግ ያጣ ደገኛ እስከ መኸር የሚበላውን አንቺ በደመወዝሽ አትመዝኚው። ቂጣ ሲያቀርቡልሽ ተቀበዪ፣ ብዪ፣ አመስግኚ። ጓያ ግን አንድ ሁለት ቀን እንጂ የሰርክ ምግብሽ አይሁን፤ ወራት ሲቆይ እግር ያሰልላል።

ትንሽ ተቆጣሁ መሰለኝ። አብሽሪ፤ ኮርቼብሻለሁ፤ አባትሽም ለሰው ሁሉ ስለ አንቺ ነው የሚያወራው። ዱዓችን ካንቺ ጋር ነው።

በዚሁ በረዳቱ ልጅ የላክሁት፦ ባናው፣ አጎዛው፣ የጎማው ውሃ መያዣ፣ 5 ኪሎ በሶ፣ የአጥሚት ዱቄት፣ ሁለት የሱፍ ካልሲና የልብስ ሳሙና። በሶውን ከጣሪያው ላይ አንጠልጥዪው፣ አይጥ አይድረስበት። የተረፈውን ከሰል ከነከረጢቱ በመኪናው ላይ መልሺልኝ፤ የጭነቱን ከፍያለሁ። መልሰሽ እንደላክሽም ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ በወጣሽ ቀን ደውዪልኝ፤ እስከዚያ ስልኬን ከእጄ አላወርድም። ዛሬ ማታ ማንደጃው ደጅ ይደር።

እናትሽ