ጥቁሩን ገብስ አያጥፉብኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጉልበትዎን መድኃኒት ሻል ሲልዎት ያቋርጡታል አሉ። እማዬ ናት የነገረችኝ። እባክዎ ይጨርሱት።

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ገብስ ነው። ገብስ የለመደው፣ ማለትም ከዱር ወጥቶ የእርሻ ሰብል የሆነው፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዛሬ እስራኤል፣ ሶርያ፣ ኢራቅና ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በሚባለው አካባቢ። የዱሩ ገብስ አሁንም እዚያ ይበቅላል። ታዲያ ገና ሲደርስ ዛላው እየተበጣጠሰ ይረግፋል። ለራሱ ይበጀዋል፤ ራሱን በራሱ ይዘራል። አጫጁ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

አልፎ አልፎ የማይረግፍ ዛላ ይወጣል። ዱር ውስጥ ቢሆን ዘር ሳይተካ ይቀር ነበር። ሰው ማጭድ ሲያነሳ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የረገፈው እዚያው ቀረ፣ ያልረገፈው ቤት ገባ። ለከርሞ የሚዘራውም ከገባው ላይ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ማሳውን ሞላው። ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ማንም አስቦበት ያደረገው አይመስልም።

አሁን ወደ ጠላትዎ ልምጣ፤ ገብስ መሐል ወደሚበቅለው አረም፣ ወደ ሲናር። አንዱ ሲናር ይረግፋል። ሌላው ግን ሳይረግፍ ከገብሱ ጋር ነዶ ውስጥ ገብቶ አውድማ ይደርሳል። ይሄኛው በእኛ ደጋ ያለ ነው፤ አዋቂዎቹ ግማሽ የለመደ ሰብል ይሉታል። ለብቻው ለይቶ ያለመደው የለም። ከገብስ ጋር እየታጨደ፣ እየተወቃ፣ ተመልሶ እየተዘራ ለመደ። እርስዎና አያቶቼ እየረገማችሁ አሳደጋችሁት ማለት ነው!

የገብስ አገሩ እዚያ ቢሆንም እኛ ዘንድም ዓይነቱ እጅግ ብዙ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ ምሁር አገራችን መጥቶ ዘር ሰብስቧል። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ገብሱን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ በሽታ ሲያስቸግራቸው፣ የሚቋቋም ዘር ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ገበሬ ጎተራ ውስጥ የኖረ ዘር ነው እኮ።

ወንድሜ ዘንድሮ ምርጥ ዘር ሊያመጣ ነው አሉ። ያምጣ፣ ምርቱ ይበልጣል። ጥቁሩን ገብስ ግን አያጥፉብኝ። ከላይኛው ማሳ ግማሽ ጥማድ ይተዉለት፤ ዘሩንም ለብቻው ያስቀምጡልኝ። ለበዓል ስመጣ ደግሞ የሚረግፈውንና የማይረግፈውን ሲናር ለይተው ያሳዩኛል። እኔ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አልለየውም።

ልጅዎ