ብስክሌቷን እቤት ተያትና ላይደንን በእግርሽ እያት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበትም ተሽሏታል።

በስልክ ስናወራ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ሆላንድ አንቺ ዘንድ መጥቼ ያየኋትን የላይደን ከተማን ነገር በወጉ ሳላጫውትሽ ቀረሁ። አንቺ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት እየከነፍሽ ክፍል ስትገቢ፣ እኔ ካርታ ይዤ ከተማውን ሳስስ ነበር የምውለው። አስጎብኚ አልፈለግሁም። አስጎብኚ ካለ ‹‹ቶሎ ቶሎ በሉ›› አለ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አንድ ግድግዳ ላይ ከተጻፈ ሁሉንም ሳላነብ አላልፍም።

እና ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። አንቺ እዚያ ትኖሪያለሽ እንጂ ከተማውን አታውቂውም። ከቤት ክፍል፣ ከክፍል ሱፐርማርኬት፣ አለቀ። አንድ ቅዳሜ ብስክሌቷን እቤት ተያትና በእግርሽ ውጪ።

ከባቡር ጣቢያው ተነሺ። ትንሽ እንደሄድሽ ደ ፋልክ የሚባለው የነፋስ ወፍጮ አለ። በ1743 የተሠራ ነው (የምጽፍልሽ ቀንና ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው)። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ቀጥሎ ሬምብራንት የተወለደበት ቬደስቴግ የሚባለው መንገድ ትደርሻለሽ። ሰዓሊው በ1606 እዚያ ነው የተወለደው፤ አባቱ ባለ ወፍጮ ነበር። ቤቱ ግን የለም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው ያለው። እውነቱን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ራፐንቡርኽ የሚሉት ቦይ ዳር ስትደርሺ ግን አትቸኩዪ። የዩኒቨርሲቲው አሮጌ ሕንፃ እዚያ ነው፤ ጥንት የመነኮሳይያት ጸሎት ቤት ነበር። ውስጡ ተማሪዎች የፈተና ውጤት እስኪነገራቸው በጭንቀት የሚያልባቸው ጠባብ ክፍል አለ። ያለፈ ሰው ግድግዳው ላይ ይፈርማል። ግድግዳው ስም በስም ነው። አንቺም ስትጨርሺ በፊደላችን ፈርሚ፣ አደራ።

ይኸ ዩኒቨርሲቲ ከእኛም ጋር ነገር አለው። ስካሊገር የሚባለው ሊቅ ስለ ዓለም የዘመን አቆጣጠር ሲጽፍ የእኛንም አካቶ ነው። በ1609 ሲሞት የምሥራቅ ቋንቋ መጻሕፍቱን ለላይደን አወረሰ። ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛ የተማረው ጀርመናዊው ሉዶልፍም በወጣትነቱ ላይደን ተምሯል። እና እዚያ ጎዳና ላይ ስትሄጂ አንገትሽን አትድፊ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሕግ የምትማሪበት ያ ትልቅ ሕንፃ ምን ላይ እንደቆመ ታውቂያለሽ? ጥር 12 ቀን 1807፣ ባሩድ የጫነ ጀልባ ቦዩ ላይ ቆሞ ሳለ ፈነዳ። 150 ያህል ሰው ሞተ፣ ሰፈሩ ድምጥማጡ ጠፋ። የናፖሊዮን ወንድም ሉዊ ያኔ የሆላንድ ንጉሥ ነበርና ራሱ መጥቶ አየው። የፈረሰው ቦታ ለብዙ ዘመን ባዶውን ቆየ። በአንደኛው ዳር በኋላ ላቦራቶሪ ተሠራ፤ እሱ ነው የእናንተ ሕንፃ። የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስ በ1908 ሄሊየም የሚባለውን ጋዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሳሽ ያደረገው እዚያው ውስጥ ነው፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ግድም በሆነ ብርድ። ከቦዩ ማዶ ያለው መናፈሻ ደግሞ የቀረው ፍርስራሽ ነው። አንቺ እዚያ ሣር ላይ ቁጭ ብለሽ ሳንድዊች ትበያለሽ።

መናፈሻው ውስጥ ሐውልት አለ፣ የከንቲባው የቫን ደር ቬርፍ። ስፔኖች ከተማውን ከብበው ሰው በረሃብ ሲያልቅ ‹‹እጅ እንስጥ›› ያሉትን ‹‹ክንዴን ቆርጣችሁ ብሉ›› አላቸው ይባላል። ዕድሜዬን ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን ወሬ በጥርጣሬ ነው የምሰማው። የውሃው ነገር ግን እውነት ነው። ሆላንዶቹ ግድቦቻቸውን በገዛ እጃቸው ሰብረው እርሻቸውን አጥለቀለቁት። መርከበኞቻቸው በጠፍጣፋ ጀልባ በማሳው ላይ እየቀዘፉ ጥቅምት 3 ቀን 1574 እህል ይዘው ገቡ፤ ሄሪንግ ዓሣና ነጭ ዳቦ። ዩኒቨርሲቲው በዓመቱ ተከፈተ። አንቺ ‹‹ባለፈው ከተማው በፌሽታ ተዘጋግቶ መንገድ አጣሁ›› ብለሽ ያማረርሽው የዚያን ቀን መታሰቢያ በዓል ነው።

ከዚያ ፒተርስኬርክ ወደሚባለው ቤተ ክርስቲያን ታጠፊ። ፊት ለፊቱ አንድ ተራ የምትመስል በር አለች፤ ቀስ ብለሽ ግቢ። በ1683 ደጋግ ሰዎች ለችግረኞች ያሠሩት መኖሪያ ግቢ ነው፤ መሐሉ አትክልት፣ ዙሪያው ትንንሽ ቤት። እንዲህ ያለ ግቢ ከተማው ውስጥ ከ30 በላይ አለ። ሰው ይኖርበታልና ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ መስኮት ደግሞ አታጮልቂ።

እዚያ ቦታ ቀድሞ ይኖር የነበረው ጆን ሮቢንሰን የሚባል ቄስ ነው። ከእንግሊዝ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ ሰዎች እረኛ ነበር። በ1609 ላይደን ገብተው ብዙዎቹ በሽመናና በመሳሰለው ሥራ ኖሩ። በ1620 ግን ከፊሎቹ ተነሥተው አሜሪካ ሄዱ፤ በሜይፍላወር መርከብ የተሻገሩት እነሱ ናቸው። ለምን ሄዱ መሰለሽ? አንዱ ምክንያት ልጆቻችን ደች ሆነው ሊቀሩ ነው የሚል ስጋት ነበር። ይህን ሳነብ እናትሽ ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅሁ። በየሳምንቱ ‹‹እንጀራ ትበላለች ወይ?›› እያለች የምታደርቀኝ በከንቱ አይደለም።

ድካም ካልተሰማሽ ቡርኽት የሚሉትን ምሽግ ውጪው። ሰው በእጁ የከመረው ኮረብታ ነው፣ መግቢያው በነፃ። በየመንገዱም ግድግዳ ላይ ግጥም ታያለሽ። ከ1992 ጀምሮ ነው የሚጽፉት፤ ከ100 በላይ ነው፣ በየቋንቋውና በየፊደሉ። እኔ አማርኛ ስፈልግ ሳላገኝ ተመለስኩ። ካየሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ፒተርስኬርክ እኔ በሄድኩ ቀን ለዝግጅት ተዘግቶ ነበር። ሮቢንሰን የተቀበረው እዚያ ነውና ገብተሽ ያየሽውን ጻፊልኝ። በስልክ አይሆንም፣ ጻፊልኝ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ከሚመጣ ሰው ጋር ልካልሻለች፤ ሲደርስ ይደውልልሻል።

አባትሽ