ንስር ለማየት አሜሪካ ድረስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን አሜሪካኖች በክረምታቸው ወንዝ ዳር ቆመው ራሰ ነጩን ንስር እንደሚያዩ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሐይቁ ሁሉ በረዶ ሲሆን ንስሮቹ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ካሉት ግድቦች ሥር፣ ውሃው እየተናጠ በረዶ በማይሠራበት ቦታ፣ ዓሣ ፍለጋ ይሰበሰባሉ፤ ሰዉም ጋቢ በሚያስናፍቅ ብርድ ቆሞ ያያቸዋል። ደስ ይላል። ግን እኛ ወሎዬዎች ምን አጣን? የዚያ ንስር የቅርብ ዘመድ፣ የአፍሪካ ዓሣ በል ንስር፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ አለ እኮ! ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሚኒባስ ይዞ ደርሶ መልስ ነው።

የእኛው ራሱ ብቻ ሳይሆን ደረቱም ነጭ ነው። ሆዱ ቀይ ቡናማ፣ ክንፉ ጥቁር። ድምፁን አንዴ ከሰማችሁ አትረሱትም፤ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮሃል፣ ሴቷም ትመልስለታለች። ሲያጠምድ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውሃ ውስጥ አይጠልቅም። ከዛፉ ላይ ይለቅና ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ዓሣውን ላፍ ያደርገዋል። የጣቶቹ ሥር ሻካራ ስለሆነ የሚያሙለጨልጭ ነገር አያመልጠውም። ከከበደው ማንሳቱን ትቶ በክንፉ እየቀዘፈ ወደ ዳር ይጎትተዋል። (በነገራችን ላይ ሌባም ነው፤ ሌላ ወፍ የያዘውን ቀምቶ ሲበላ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም።)

ደብዳቤ ያጻፈኝ ግን የዛፉ ነገር ነው። ይህ ወፍ ውሃ ዳር ያለ ረጅም፣ ያረጀ ዛፍ ይፈልጋል፤ ቁጭ ብሎ የሚያጠምደውም ጎጆ የሚሠራውም እሱ ላይ ነው። በየዓመቱ አዲስ አይሠራም፣ ባለፈው ላይ እንጨት እየጨመረ ያድሰዋል። የአሜሪካው ዘመዱማ ፍሎሪዳ ውስጥ የሠራው አንድ ጎጆ ከ2 ቶን በላይ እንደሚመዝን ተገምቷል። እኛ ጋ ዋርካውና ሾላው ይቆረጥና በምትኩ ባህር ዛፍ ይተከላል፤ እሱም ሳይወፍር ለአጣና ይሸጣል። ንስር አጣና ላይ ጎጆ አይሠራ! ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ዛፉ እስካሁን አለ። መነኮሳቱ ለንስር ብለው አልጠበቁትም፣ ግን ጠበቁት።

እንጨት የቸገረውን ገበሬ አልወቅስም። ውሃ ዳር ያሉትን አሮጌ ዛፎች ብቻ ቆጥሮ «እነዚህ አይነኩም» ማለት ምን ይከብዳል ነው የምለው። አሜሪካኖቹ እኮ እ.ኤ.አ. በ1963 አላስካን ሳይጨምር 417 ጥንድ ብቻ ነበር የቀራቸው። ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መርዝ በዓሣው በኩል ገብቶ የእንቁላሉን ቅርፊት ስለሚያሳሳው እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። በ1972 መርዙን አገዱ፤ ጎጆውን መንካት ቀድሞውንም በሕግ ክልክል ነበር። በ2007 ንስሩ ከአስጊ ዝርዝር ወጣ። ሰዎቹ ዛሬ ወንዝ ዳር ቆመው የሚያዩት ለዚህ ነው እንጂ ፈጣሪ ለእነሱ አድልቶ አይደለም።

በበጋ ደግሞ ከሩሲያና ከካዛክስታን የሚመጣ ቡናማ ንስር አለን፣ የእንግዳ ነገር ነው። እሱም ዛፍ ሲያጣ የመብራት ምሰሶ ላይ ያርፍና ገመዱ ይገድለዋል።

የሐይቁን ዳር ዛፍ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ጠይቄ ነበር። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው። እናንተ ብትጠይቁ ይሻል ይሆናል፣ ጋዜጠኛ ሲሆን ይፈራል። ሰው ከላካችሁ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ይሁን፤ በጠዋት፣ ነፋሱ ውሃውን ሳያናውጠው ይድረስ። የዓሣ ጥብሱ በእኔ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ