ከሆስፒታሉ በር ወዲያ ለጠበቃችሁኝ

ለሐዋሳ ሰዎች፣ ለባልደረቦቼ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ሩቅ ሆናችሁ ለጸለያችሁልኝም ሁሉ፤

ከሁሉ በፊት ለዚህ ቀን ያበቃኝ ፈጣሪ ይመስገን።

የዚያን ሌሊት ነገር ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችሁ ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ አይታችኋል። ስለዚህ አልመለስበትም። የተቃጠለው የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን ነበር። ውስጥ ሰው ነበረ። ወጥቷል፤ ደኅና ነው። ባለፈው ሳምንት ልጁን ይዞ ቤቴ ድረስ መጥቶ ጠይቆኛል። እኔም ይኸው በግራ እጄ አውራ ጣት ይህን እጽፍላችኋለሁ። የቀኙ ፋሻ ገና አልተፈታም።

41 ቀን ተኝቼ ወጣሁ። ከወጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ይህን መልእክት አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ትቼዋለሁ።

ስም አልጠራም። አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብረሳ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። ደግሞም ከሁሉ አብልጬ ላመሰግናቸው የምፈልጋቸው ሰው ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። የእሳቸው ተራ ሲደርስ እጽፋለሁ። በተራ ልሂድ።

መጀመሪያ የፈረቃ ጓደኛዬ። ሰባት ዓመት በአንድ መኪና ሠርተናል። ለማታውቁ፣ የእኛ ሥራ ሁለት ነው። ጠዋት እሳት ስናጠፋ ከሰዓት ቃሬዛ እንሸከማለን። ማታ አምቡላንስ ውስጥ እናዋልዳለን። ባጃጅ የተገለበጠበትን እናነሳለን። ሐይቅ የገባን ሰው እንፈልጋለን። በክረምት ከሰል ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሲገኝም የምንጠራው እኛው ነን። እሱና እኔ ሳንነጋገር እንግባባለን። ያን ሌሊት ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የማመሰግነው ካወጣኝ በኋላ ስላደረገው ነው።

የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቴ ላይ ሰክቶ አየ። 98 አለች። የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። እሱ ግን አላመናትም። ጭስ የጠጣ ሰው ላይ ያቺ መለኪያ ታሳስታለች። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። መለኪያዋ ደግሞ ሁለቱን አትለይም። ሰውዬው ውስጥ ውስጡን እየታፈነ እሷ 98 ትላለች። ጓደኛዬ ወዲያው ማስክ አደረገልኝና ኦክስጅኑን እስከ መጨረሻው ከፈተው። እንዲሁ በአየር ብቻ ቢተወኝ መርዙ በግማሽ እስኪቀንስ አራት አምስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። በኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወንድሜ፣ ዛሬ ልጄን ስሜ የማድረው አንተ ያቺን ቁጥር ስላላመንካት ነው። ከዚህ በላይ ብጽፍ እንደማትወድ አውቃለሁ።

ቀጥሎ የመኪና እጥበት ልጆች። እዚያው የምታድሩት። ሳይጠራችሁ ማንም፣ የውሃ ጎማችሁን ጎትታችሁ መጣችሁ። ጓደኛዬ "ሃያ ደቂቃ፣ አንዲት ሳትጎድል" ሲላችሁ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘ። ሌላው ግፊቱን ቀንሶ ክንዴ ላይ በቀስታ አፈሰሰ። እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ "በቃ" እላለሁ። እናንተ "ጋሼ፣ ሰባት ደቂቃ ይቀራል" ትሉኛላችሁ። ጣቶቼ ዛሬ መታጠፍ ጀምረዋል። ሐኪሞቹ ያ ውሃ ትልቅ ነገር ነው የሠራልህ ብለውኛል።

ከመካከላችሁ አንዱ የጥርስ ሳሙና ይዞ ሲሮጥ ሌላው መልሶታል። የሮጠውም ከልቡ ነው፤ አልቀየመውም። የመለሰውን ልጅ ግን አቅፌ ብስመው ደስ ይለኛል። እባካችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ይህቺን ብቻ ያዙልኝ። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና፣ እንቁላል አይደረግም። በረዶም አይደረግም። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ 20 ደቂቃ። ሰባት ዓመት በየቤቱ ስደርስ ቁስሉ ላይ ቅቤ ተለጥፎ አግኝቼ አዝኛለሁ።

አሁን ተራው የሐኪሞቹ ነበር። አልቻልኩም። እማማ ጋ ልሂድ።

እኔ ለዓመታት ሰው ሳደርስ የኖርኩት እስከ ድንገተኛ ክፍሉ በር ድረስ ነው። የደም ግፊቱን፣ የሰጠነውን መድኃኒት፣ የደረሰበትን ሰዓት ተናግረን እናስረክባለን። ቃሬዛውን አጥበን እንመለሳለን። ከበሩ ወዲያ ያለውን አላውቅም ነበር። ሰው እዚያ ከደረሰ ተረፈ እል ነበር። ሰውን ከበሩ ወዲያ የሚያተርፈው ግማሹ አስታማሚ መሆኑን ያወቅኩት ራሴ አልጋ ላይ ስወድቅ ነው።

ያን ሰሞን ባለቤቴ የአሥር ቀን አራስ ነበረች። እናቴ እሷን ይዛለች። ወንድሜ ሥራ አስፈቅዶ ከጅግጅጋ እስኪደርስ አራት ቀን ፈጀ። ባልደረቦቼ ቀን ቀን እየተፈራረቁ አልተለዩኝም፤ ሌሊት ግን ተረኛ ናቸው። ሌሊት ብቻዬን ነበርኩ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ከሞተር ወድቆ ጭኑ የተሰበረ ልጅ ነበር። እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎለት ስድስት ሳምንት በጀርባው መተኛት ነበረበት። የሚያስታምሙት እናቱ ናቸው። ከበንሳ በኩል የመጡ፣ ቡና ለቅመው ልጅ ያሳደጉ እናት። አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው ነው የሚያድሩት።

በመጀመሪያው ሌሊት ነቅቼ ውሃ ፈለግኩ። ድምፅ የለኝም፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ዘግቶታል። እማማ ከካርቶናቸው ተነሡ። ለሲስተሯ አስፈቅደው ማንኪያ ይዘው መጡ። አንድ ማንኪያ ይሰጡኛል። ይጠብቃሉ። እስክውጥ ጉሮሮዬን ያያሉ። ከዚያ ሌላ ማንኪያ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ለማጠጣት አንድ ሰዓት ሳይፈጅባቸው አልቀረም። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁም። በሲዳምኛ ቀስ ብለው ማጋኖን፣ ፈጣሪን፣ ይለምናሉ፣ ማንኪያውን ይነክራሉ።

በሦስተኛው ቀን ጥፍሮቼን አዩ። ጥላሸቱ ከጥፍሬ ሥርና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። ነርሶቹ ቁስል ያጥባሉ፤ ለጥፍር ጊዜ ከየት ያመጣሉ? እማማ ሞቅ ያለ ውሃ በኩባያ አመጡ። የክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቀለሉ። ግራ እጄን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥፍሬን አንድ በአንድ አጸዱት። ጥጡ ሲጠቁር ይጥሉታል፣ ሌላ ይጠቀልላሉ። "ሚስትህ ስትመጣ እንዲህ ሆነህ እንዳታይህ" አሉኝ። ቁስሌ ሲታጠብ ጥርሴን ነክሼ ችያለሁ። ይህን ግን አልቻልኩትም፤ አለቀስኩ።

ማንበብ አይችሉም። ቁጥር ግን ከስልካቸው ለምደዋል። መርዙ ከደሜ ከወጣ ወዲያ መለኪያዋ አታሳስትም። ሲስተሯ መለኪያዋን ጣቴ ላይ ስትሰካ አይተው "ይቺ ስንት ስትሆን ነው ደግ?" ብለው ጠየቋት። "ከዘጠና አራት በላይ ከሆነች ጥሩ ነው እማማ" አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ጠባቂዬ ሆኑ። ሌሊት ብድግ ብለው ቀይዋን ቁጥር ያያሉ። "ዘጠና አምስት ሆነልህ፣ ተኛ።" ሌላ ጊዜ ደግሞ "ዘጠና ሁለት ናት፣ ቀና በል" ብለው ትራሴን ከፍ ያደርጋሉ። እኔ ባለሙያው ቁጥሯን የማያት በፍርሃት ነበር። ብዙ ስለማውቅ ነው የምፈራው። ከእሳቸው አፍ ስትነገረኝ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ሌሊት 88 ሆነች። እኔ ተኝቻለሁ፤ አላውቅም። እማማ በባዶ እግራቸው ኮሪደሩን ሮጠው፣ ሲስተሯን እጇን ይዘው አመጧት። ይህን የነገረችኝ ሲስተሯ ናት። እሳቸው እስከ ዛሬ አላነሱትም።

ከጭኔ ቆዳ ተነሥቶ ክንዴ ላይ የተለጠፈ ሰሞን ምግብ አስጠላኝ። ቆዳው የተነሣበት ቦታ ከቃጠሎው በላይ ያማል። ከአገራቸው ሰው መጥቶ ቡርሳሜ፣ በቅቤ የታሸ የእንሰት ምግብ፣ አመጣላቸው። ግማሹን ለልጃቸው፣ ግማሹን ለእኔ አደረጉት። አጉርሰውን ሲጨርሱ ጣታቸው ላይ የቀረውን ቅቤ ሲልሱ አየሁ። ለራሳቸው የቀረላቸው እሱ ነበር።

እማማ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል። ስምዎን አልጻፍኩም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ልጅዎ ሲወጣ ለእኔ 12 ቀን ይቀረኝ ነበር። አገርዎ ይግቡ ስልዎ እሺ ብለው፣ ዘመድ ቤት አድረው ለሁለት ማታ ተመልሰው መጡ። ወንድሜ መኖሩን አይተው፣ ትራስ አስተካክለው ነው የሄዱት። ምን ብዬ ላመስግንዎት? እግዜር ብድርዎን ይክፈልልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ቆሞ ሲሄድ፣ ከዚያም ሲሮጥ ያሳይዎ።

ተራዬን ስቻለሁ፤ ይቅርታ።

የሪፈራል ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ቁስል አጣቢዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎች በሙሉ፣ ክፉ አይንካችሁ። ከሠራችሁት አንጻር ይህቺ አንዲት መስመር ታንሳለች፤ አውቃለሁ።

ደም የሰጣችሁልኝ፣ ሦስት ወራችሁ ሲሞላ ደግማችሁ ስጡ። ለማታውቁት ሰው ስጡልኝ፤ እኔን ያገኘኝ እንዲሁ ነው። ከመናኸሪያ ጀምሮ መንገድ ያስለቀቃችሁልን የባጃጅ ልጆች፣ ተባረኩ። እባካችሁ ሌሎቻችሁም ሳይረን ስትሰሙ ወደ ጥግ ያዙልን። ውስጥ ያለው የማን እናት እንደሆነች አይታወቅም። የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሐይቅ ላይ ሰው ስንፈልግ ጀልባችሁን ከልክላችሁን አታውቁም። አሁን ደግሞ በየሳምንቱ የዓሣ ሾርባ ላካችሁ። የእድራችን አባላት፣ የመንደራችን እናቶች፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ስሜን የጠራችሁ፣ የክፍሌ አለቆችና የሁሉም ፈረቃ ልጆች፣ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ፣ አራስ ሆነሽ እንባሽን ደብቀሽ በስልክ ስትስቂልኝ ሰምቼሻለሁ። አርባ ቀንሽ ሳይሞላ ተጠቅልለሽ ስትመጪ እማማ ጥፍሬን አሳዩሽ። ሌላውን ለብቻችን እንነጋገራለን። እናቴ፣ ሁለታችንን በአንድ ጊዜ ይዘሽናል። እግርሽን ስሜ አልጠግብም።

ያልጠቀስኳችሁ ብዙ ናችሁ። ይቅር በሉኝ። አንዳንዶቻችሁ ስትመጡ በመድኃኒት ተኝቼ ነበር። ማታ ማታ በር ላይ ሻይ በፔርሙዝ አስቀምጦ የሚሄድ ሰው ነበር። ፔርሙዙ አሁን እኛ ቤት ነው፤ ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮበታል። እባክህ ወይም እባክሽ፣ መጥታችሁ ውሰዱት፤ ፊታችሁን ልየው።

ወደ ሥራ ስመለስ መጀመሪያ ቢሮ እሠራለሁ፤ ከዚያ እጄ ሲጠነክር መኪናው ላይ እወጣለሁ። ከእንግዲህ ሰው ሳስረክብ አስታማሚው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልመለስም። አስታማሚ የሌለው ከሆነ ፈረቃዬ ሲያልቅ ተመልሼ አየዋለሁ። ይህን ለእማማም ነግሬያቸዋለሁ።

ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ክርስትናዋ ላይ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። የመኪና እጥበት ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ቀድማችሁ ኑ። እማማ ከበንሳ ይመጣሉ፤ ልጃቸውም በክራንች ይመጣል።

በየማታው ይደውሉልኛል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ "ስንት ናት?" ይላሉ። ጓደኛዬ አንዲት መለኪያ ቤት አምጥቶልኛል። ጣቴን እሰካና አነብላቸዋለሁ። ትናንት 98 አለች። ይቺኛዋን ጓደኛዬም አምኗታል። ነገርኳቸው።

"በል ተኛ" አሉኝ።

ወንድማችሁ፣ ከሐዋሳ