የኮርስ መመዝገቢያውን ከመፈረምሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ በዘጌ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። በወንድምሽ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ባለፈው ዓመት ታመሽ ያቋረጥሽውን የውኃ ፍሰት ትምህርት፣ ሃይድሮሊክስን፣ ከዚህ መንፈቅ መደበኛ ኮርሶች ጋር ደርበሽ ለመውሰድ፣ በዚያም ላይ «ኤ ይገኝበታል» የተባለውን ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ለመጨመር ማሰብሽን ተረድቻለሁ። ከጓደኞችሽ ጋር እኩል ለመመረቅ መጣርሽን አልነቅፍም፤ ሁለቱን ጭማሪዎች ግን እኩል አድርገሽ ማየትሽን አልወደድኩትም።

ሰዓቱን እንቁጠረው። የኮርስን ክብደት በተማሪው የሥራ ሰዓት በሚለካው በኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. አቆጣጠር አንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል፤ በዚህም ውስጥ ክፍል የምትቀመጪበት ብቻ ሳይሆን ላቦራቶሪው፣ አሳይመንቱና የግል ጥናቱ ጭምር ይገባል። የአንድ መንፈቅ መደበኛ ሎድ (የኮርስ ጭነት) 30 ነጥብ ነውና በ16 ሳምንት ሲካፈል በትንሹ 47 ሰዓት ያህል በሳምንት ይደርስሻል። ባለ 5 ነጥብ ኮርስ ሲታከልበት 8 ሰዓት ገደማ ይጨመራል፤ ሁለት ከታከለ ሳምንቱ ከ60 ሰዓት ያልፋል። ይህ ሒሳብ ለምሳ የምትሰለፊበትን፣ ልብስ የምታጥቢበትንና መብራት የሚጠፋበትን ማታ አይጨምርም። ዐቢይ ጾምም በዚሁ መንፈቅ ውስጥ ይውላል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ላቦራቶሪ መዋል እንዴት እንደሚሆን እናትሽ ከእኔ ይበልጥ ትጨነቅበታለች።

ሃይድሮሊክስን ግን እንዳታስቀሪው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሰጥ ነግረሽኛል፤ ዘንድሮ ካመለጠሽ እርሱን ቅድመ ሁኔታ ያደረጉት የክፍት ቦይ ፍሰትና የውኃ ግንባታ ኮርሶች ሁሉ ተከትለው ይዘገያሉ። እዚያው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ፣ የጨረጨራ ግድብ 7 በሮች አሉት፤ በር ምን ያህል ሲከፈት ስንት ውኃ እንደሚያልፍ የሚሰላው በዚሁ ትምህርት ነው። ሐይቁ ሲሸሽ ጀልባ ወደ ወደቡ መጠጋት እንደሚያቅተው የምናውቅ የዳር ሰዎች ይህን ስሌት ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ከመካከላችን እንዲወጣ ብንመኝ አይፈረድብንም።

የኢሌክቲቩ ነገር ሌላ ነው። አማካይ ውጤትሽን ከፍ ያደርግልሽ ይሆናል፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ መመረቅ ቀርቷል፤ ፈተናውም የሚያተኩረው በዋና ዋና ኮርሶች ላይ ነው። በመጪው ዓመት ስትመርጪ ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ የማጥናት ሙያ) ቢኖር እርሱን ብታስቀድሚ ደስ ይለኛል፤ እምቦጭ በሐይቁ ላይ የት የት እንደተስፋፋ ከሳተላይት ምስል ለመለየት የሚያስችል ሙያ እዚህ አካባቢ ሥራ አያጣም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ሃይድሮሊክስን የምትማሪው ከኋላሽ ካሉት ተማሪዎች ጋር ስለሆነ የላቦራቶሪው ሰዓት ከራስሽ ክፍል ፕሮግራም ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ፕሮግራሞች ጎን ለጎን አድርገሽ አመሳክሪና ለአማካሪሽ አሳዪ፤ ከመደበኛው ሎድ በላይ ለመውሰድ የትምህርት ክፍሉን ፈቃድም በጽሑፍ ጠይቂ። ከተጋጨብሽ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ያልሆነውን ኮርስ የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመሰረዣ) ጊዜ ሳያልፍ ድሮፕ አድርጊ። የትኛው እንደሆነ ካልተለየልሽ ዝርዝሩን ይዘሽ ቅዳሜ ማታ ደውዪልኝ።

አባትሽ