ባለ 400 ዋቱ የሶላር ፓኔል ለምን 310 ይሰጣል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን በአንድ ጥያቄ ተጨናንቋል። «ፓኔሉ ላይ 400 ዋት ተብሎ ተጽፏል፣ ኢንቨርተሩ ግን ከ310 አላልፍ አለ፤ ተበላሽቶ ይሆን?» (ኢንቨርተር ማለት የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚለውጠው መሣሪያ ነው።) አብዛኛውን ጊዜ ፓኔሉ ደህና ነው። ግን «ደህና ነው» ብሎ ስልክ መዝጋት ማንንም ስለማያሳምን ዘርዘር አድርገን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

400 የሚለው ቁጥር የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። የተለካው በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ የሴሎቹ (ፓኔሉ ውስጥ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ትንንሽ ክፍሎች) ሙቀትም 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ጣሪያ ላይ ሁለቱ አብረው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ፓኔሉም ይግላላ!

ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ቀትር ሴሎቹ 60 ዲግሪ ሊደርሱ ይችላሉ፣ የተለመዱት የሲሊከን ፓኔሎች ደግሞ ከ25 በላይ ለምትጨመር ለእያንዳንዷ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ጉልበት ያጣሉ። እስቲ እናስላው። በሙቀት 12 በመቶ ቢቀንስ 400ው 352 ይሆናል። ብርሃኑም 1000 ሳይሆን 900 ቢሆን ወደ 317 ይወርዳል። ሽቦውና ኢንቨርተሩም የራሳቸውን ሲወስዱ ያው 310 አካባቢ ነው።

ጠዋትና ማታ ብርሃኑ በአግድም ስለሚመጣ ቁጥሩ ማነሱ የታወቀ ነው። ደመና ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ስስ ደመና ብዙም አይጎዳም፤ ሰማዩ ጥቁር ብሎ ሲከብድ ግን ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ብታገኙ አትደንግጡ። በተቃራኒው ፀሐይ ከተበታተነ ደመና ብቅ ስትል የደመናው ጠርዝ ተጨማሪ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ቁጥሩ ለአፍታ ከወትሮው በላይ ይዘላል። እሱም ብልሽት አይደለም።

ከሁሉም የሚያናድደን ጥላ ነው። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲጋረድ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደታጠፈ የውሃ ጎማ፣ ሌሎቹንም ያንቃል። ብዙ ፓኔሎች ውስጥ ኤሌክትሪኩ የተጋረደውን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ መንገድ የሚሰጡ ዳዮድ የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፤ ስለዚህ አንዲት ሴል ላይ የተለጠፈ ቅጠል ወይም የወፍ ኩስ የፓኔሉን ሲሶ ሊያስቀርባችሁ ይችላል። ለዚህ ነው ስንገጥም ስለ አንቴናው ምሰሶ የምንጨቀጭቃችሁ።

ባትሪ ያላችሁ ደግሞ ይቺን ልብ በሉ፦ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ቁጥሩ 40 ዋት ካለ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። ሞልቶ ከሆነና ቤት ውስጥ የሚሠራ ዕቃ ከሌለ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ሆን ብሎ ፓኔሉን ይገታዋል። የኢንቨርተሩ አቅም የሚፈቅድ ከሆነ ካውያ ሰኩና ተመልከቱ፣ ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል።

በየደቂቃው ዋት ከማየት ይልቅ የቀኑን ድምር ኪሎዋት ሰዓት መዝግቡ፤ ጥርት ያለ ቀንን ጥርት ካለ ቀን ጋር አወዳድሩ። አቧራውን በማለዳ እጠቡ፣ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ።

ሰማዩ ጠርቶ፣ ፓኔሉ ጸድቶ፣ ጥላ ሳይኖር፣ ዕቃም እየሠራ ቀትር ላይ ከግማሽ በታች ካሳያችሁ ግን ዛሬውኑ ደውሉ። የኢንቨርተሩን ፎቶ ስትልኩልን የተነሣበትን ሰዓትም ጻፉልን፤ ያለ ሰዓቱ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የገጠማና የጥገና ክፍል