ስለ ታኮው ነገር

ጎንደር፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የመሥሪያ ቤትሽን ላፕቶፕ ሚኒባስ ውስጥ ረስተሽ መውረድሽንና ሦስት ቀን ሙሉ ለአለቃሽ ሳትናገሪ መሰንበትሽን እናትሽ ነገረችኝ። የነገረችኝ እንድቆጣሽ ብላ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ስለ ግራ እጄ ጣት ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስነግራችሁ የኖርሁት ታሪክ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

ለነገሩ ውሸቱን የጀመርሁት በስምንት ዓመቴ፣ በ1975 ዓ.ም. ጥምቀት ነው። ልብስ እየሰፉ ያሳደጉን አያትሽ ለበዓሉ አዲስ ኮንጎ ጫማ ገዝተውልኝ ነበር። ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈው ውኃ የተሞላው የፋሲል መዋኛ ተባርኮ እንዳበቃ ልጆች ሁሉ ሲዘሉ፣ እኔም የዛፍ ሥር ከተጠመጠመበት ግንብ ላይ ጫማዬን እንደተጫማሁ ዘለልሁ። አንደኛው እግር እዚያው ቀረ። ቤት ስደርስ ጫማውን ሕዝቡ ረግጦ እንዳወለቀብኝ፣ ልብሴንም ጸበል እንዳረጠበው ተናገርሁ። አያትሽ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «ይህን ያህል ጸበልማ እንኳን ላንተ ለካህናቱም አልደረሳቸው» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

በ1985 ዓ.ም. በአንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ተቀጠርሁ። ረዳት ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ያስራል፣ ራዲያተር ውስጥ ውኃ ይጨምራል፤ ከሁሉ በላይ ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ማንም ሳያዝዘው ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ አለበት። የእኛ ታኮ ከወይራ ግንድ የተጠረበ፣ መያዣ እንዲሆነው ሽቦ የተበጀለት፣ ዘይትና ጭቃ ጠጥቶ የጠቆረ ጉማጅ ነበር። መኪናው ሲሄድ ከካሶኒው በታች ካለች ሜንጦ ላይ ይንጠለጠላል።

አንድ ጊዜ ጤፍ ጭነን ወደ ሽሬ ስንወጣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል አድርገን ደባርቅ አደርን። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም የደባርቅ ብርድ ሌላ ነው፤ ሲነጋ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ሻይ ቤት ምድጃ ሥር ተወሽቄ ሳለ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፉ፤ ሮጬ ጋቢና ገባሁ። ከከተማው እንደወጣን ጣሊያን የሠራው የሊማሊሞ ቁልቁለት ይጀምራል። እዚያ በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ የወረደ ሾፌር ፍሬኑ ግሎ እንቢ ይለዋል። ጋሼ ይህን አሳምረው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን አንዲት ጠባብ ኩርባ ላይ ሽቅብ የሚመጣ መኪና ስላጋጠመን ለማሳለፍ ቆሙና «ታኮ!» አሉ።

ዘልዬ ወርጄ እጄን ወደ ሜንጦዋ ስሰድ ባዶ ናት። ታኮው ደባርቅ፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ ከኋላ ጎማ ሥር እንደቀረ ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ። የተቃጠለ የፍሬን ሽታ አፍንጫዬን እየመታኝ ድንጋይ አንስቼ ጎማው ሥር ስሰካ መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ተንሸራተተና ጣቴን ከድንጋዩ ጋር ያዘኝ። መኪናውን ያቆመው እኔ አይደለሁም፤ ጋሼ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዘው ከአፈሩ ጋር ስላስደገፉት ነው የቆመው። እኔ ግን ጣቴ እየደማ፣ ታኮው ተፈናጥሮ ገደል እንደገባና በእጄ እንዳገድሁት ነገርኋቸው። አመኑኝ፤ ከነጠላቸው ቀድደውም እጄን አሰሩልኝ።

ስንመለስ ሻይ ለመጠጣት እዚያው ደባርቅ ቆምን። ሻይ የምታፈላው ሴት በእኛ ታኮ ላይ ተቀምጣለች! እንዳየችን ብድግ ብላ፣ «ጥላችሁት ብትሄዱ በርጩማ አደረግሁት፤ መቼም መመለሳችሁ አይቀርም ብዬ ነው ያስቀመጥሁት» አለችና አቀበለችን። ጋሼ እኔን አዩ፣ የታሰረውን እጄን አዩ፣ ሻያቸውን እስከ አተላው ጠጥተው ሒሳብ ከፈሉና «ለካ ገደሉ ደባርቅ ድረስ ይመጣል» አሉ። እስከ ጎንደር ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ እያደርሁ፣ አባይ በረሃ ላይ እያስመለሰኝ፣ ሁለት ቀን ተጉዤ አዲስ አበባ ገብቻለሁ፤ እንደዚያ 100 ኪሎ ሜትር የረዘመብኝ መንገድ ግን የለም።

ለመኪናው ባለቤት አልነገሩብኝም፤ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ሥራውን ሲተዉ ታኮውን ለእኔ ሰጡኝ። ማድ ቤት የውኃ በርሜሉን ያስደገፍንበት ጥቁር እንጨት እሱ ነው።

ላፕቶፑን በሚመለከት፣ የተሳፈርሽበትን ሰዓት ይዘሽ መናኸሪያው ያሉትን ተራ አስከባሪዎች ጠይቂ፤ የትኛው ሚኒባስ መቼ እንደወጣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ታናሽ ወንድምሽ አሁንም መኪና በእጄ ያቆምሁ ይመስለዋል። ለፋሲካ ስትመጪ እኔው ስለምነግረው እስከዚያ ዝም በይው።

አባትሽ